አሮጌ የፈረንሣይ ብስክሌትን መለየትና ዘመኑን ማወቅ፦ ከመተማ ጠረፍ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

የአንድን አሮጌ ብስክሌት አገርና ዘመን የሚናገሩ ማስረጃዎች ሦስት ናቸው፤ በላዩ የተጻፈው፣ የተገጠሙለት ዕቃዎችና የብረቱ ልክ። የመጀመሪያው ለዓይን ስለሚቀርብ ብዙ ሰው በእሱ ይረካል። ይሁን እንጂ ቀለም እንደገና ይቀባል፣ የፋብሪካው ምልክት ተላጦ ይወድቃል፣ በምትኩ ከገበያ የተገዛ ሌላ ስም ይለጠፋል። ዕቃውንም ጎሚስታው እጁ ላይ ባገኘው ይተካዋል። ልኩን ግን፣ ማለትም የቱቦውን ውፍረትና የብሎኑን ጥርስ፣ ዋናውን ብረት ሳያበላሹ መለወጥ አይቻልም። የፈረንሣይ ብስክሌት ከሌሎች የሚለየውም በዚሁ ነው። የፈረንሣይ ፋብሪካዎች እስከ 1970ዎቹ መገባደጃ ድረስ ከእንግሊዝም ከጣሊያንም የተለየ የራሳቸው ልክ ነበራቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የተለየ መልክ የሚይዘው በአካባቢው አቀማመጥ ምክንያት ነው። መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር ፊት ለፊት ትተያያለች። ሱዳን ከ1899 እስከ 1956 በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር ስለነበረች በገዳሪፍ በኩል የሚመጣ የዚያ ዘመን ዕቃ በኢንች የተለካ ነው። በሌላ በኩል ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ቆላውን ከጎንደር ጋር፣ በጎንደር በኩልም ከአሥመራ ጋር ያገናኘዋል። ጎንደር እስከ 1941 በጣሊያን እጅ ነበረች፤ አሥመራም ብስክሌትን ከጣሊያኖች ተቀብላ የራሷ አድርጋዋለች። ሦስተኛው በር ጅቡቲ ነው። በፈረንሣዮች የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል፤ በሜትር የተለካው የፈረንሣይ ዕቃ ተፈጥሯዊ መግቢያም ይኸው ነበር። ከሦስቱ በሮች ለመተማ እጅግ ሩቁ ይህ የመጨረሻው ስለሆነ፣ በቆላው አንድ አሮጌ ብስክሌት «የፈረንሣይ ነው» ሲባል አስቀድሞ መጠራጠር ይገባል። መጠራጠር ማለት ግን መካድ አይደለም፤ ጠረፍ ከሁሉም አቅጣጫ ዕቃ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነውና። በኅዳር 1940 እንኳ በጋላባትና በመተማ ግንባር የተፋለሙት ሁለት ሠራዊቶች፣ የእንግሊዝና የጣሊያን፣ የሚጠቀሙበት የብሎን ልክ የተለያየ ነበር።

የቆላው ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ እንግዳ አይደለም። የጠመንጃን ማኅተም አይቶ አገሩንና ዘመኑን መናገር የቆየ ዕውቀት ነው፤ የብስክሌትና የጠመንጃ ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም ከአንድ ፋብሪካ ይነሣል። በበርሚንግሃም የተቋቋመው ቢ.ኤስ.ኤ. ሦስት የተደገፉ ጠመንጃዎችን ምልክቱ አድርጎ ብስክሌት ይሸጥ ነበር። የቤልጅጉ ኤፍ.ኤን. እና የኦስትሪያው ሽታየርም ሁለቱንም ሠርተዋል። በፈረንሣይ ይህን ድርሻ የያዘችው ሴንት ኤትየን ናት። በኢትዮጵያ ውጅግራ ተብሎ የሚታወቀው የ1874ቱ ጠመንጃ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ በዚያች ከተማ ያለው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። በዚያው ከተማ ሚማርና ብላሾን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1885 የያዙት የግል ድርጅት፣ በኋላ ማኑፍራንስ የተባለው፣ የአደን ጠመንጃና «ኢሮንዴል» የሚባል ብስክሌት በአንድ ካታሎግ ይሸጥ ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች የተለያዩ ናቸው፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ግን ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ኢሮንዴልን የሚለየው አንድ ብልሃት አለ። «ሬትሮ ዲሬክት» በሚባለው ሞዴል ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲመቱት ብስክሌቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በከበደው አቀበትም ቀለል ያለውን ማርሽ ይሰጣል። እንዲህ ዓይነት አሠራር ያለው አሮጌ ብስክሌት ፈረንሣዊነቱ ብዙ አያከራክርም።

ከሴንት ኤትየን ውጭ ያሉት ስሞች ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹን ማወቅ ይበቃል። ፔዦ የቡና መፍጫና የእጅ መሣሪያ ይሠራ የነበረ ቤት ሲሆን ብስክሌት የጀመረው በ1882 ነው፤ ምልክቱ አንበሳ ነው። ሞቶቤካን በ1923 በፓሪስ አጠገብ በፓንታን ተቋቋመ፤ በ1980ዎቹ ከከሰረ በኋላ ወደ ያማሃ እጅ ገብቶ ኤም.ቢ.ኬ. ተባለ። ዢታን ከምዕራብ ፈረንሣይ ከማሽኩል፣ ሜርሲዬ ከሴንት ኤትየን፣ ቴሮ ከዲዦን ናቸው። ሬኔ ኤርስና አሌክስ ሲንገር ደግሞ በትእዛዝ ጥቂት ብቻ ይሠሩ የነበሩ የፓሪስ አካባቢ ጠቢባን ናቸው። ስማቸው ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ስለሆነ በእነሱ ስም የሚቀርብን ብስክሌት ከሁሉ አብልጦ መመርመር ያሻል።

ምርመራው የሚጀምረው ከመሪው ሥር፣ ከፊት ለፊቱ ቱቦ ነው። የቆዩት ብስክሌቶች በዚያ ቦታ በትናንሽ ሚስማር የተመታ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ምልክት ነበራቸው፤ በኋላ ተለጣፊ ወረቀት ተካው። ምልክቱ ቢጠፋ እንኳ ቀዳዳዎቹ ይቀራሉ፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትና አቀማመጣቸው፣ ቁመት ለቁመት ወይም ጎን ለጎን መሆናቸው፣ ከታወቀ ምልክት ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ከዚያ ዓይን ወደ ፔዳሉ ይወርዳል። የፔዳሉ ብሎን ጫፍ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት ይመታል፤ እንግሊዝ ሠራሽ ከሆነ «ኤል» እና «አር»፣ ጣሊያን ሠራሽ ከሆነ «ኤስ» እና «ዲ»፣ ፈረንሣይ ሠራሽ ከሆነ «ጂ» እና «ዲ» የተባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። በግራው ፔዳል ላይ «ጂ» የሚለውን ፊደል ማግኘት ትልቅ ፍንጭ ነው። በትናንሽ ዕቃዎች ላይ «ብሬቭቴ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አራት ፊደሎች፣ በፈረንሣይኛ አጠራር «ኤስ ዤ ዴ ዤ»፣ ተመትተው ከተገኙም ሌላ ፍንጭ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የፈጠራ መብቱ ያለ መንግሥት ዋስትና የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ሲሆን፣ ከ1844ቱ የፈረንሣይ የፈጠራ ሕግ የመጣና በ1968 ሕጉ ሲቀየር የቀረ ነው። እንዲህ የተመታበት ዕቃ ቢያንስ ንድፉ ከዚያ በፊት የወጣ ነው።

ፈረንሣይ በ1893 በብስክሌት ላይ ግብር ጥላ እስከ 1958 አቆይታዋለች። ግብሩ መከፈሉን የምታሳይ ዓመት ያለባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ በብዙዎቹ ላይ ትገጠም ነበር። ሰሌዳዋ የምትናገረው ብስክሌቱ የተሠራበትን ሳይሆን ግብሩ የተከፈለበትን ዓመት ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ከዚያ ዓመት በኋላ አለመሠራቱን ታረጋግጣለች እንጂ ስንት ዓመት እንደሚቀድም አትነግርም። በተጨማሪም ለፈረንሣይ መንገድ እንጂ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀች ስላልነበረች፣ ወደ አፍሪካ በቀጥታ በተላከ አዲስ ብስክሌት ላይ አትጠበቅም። ብትገኝ ግን ብስክሌቱ መጀመሪያ በፈረንሣይ አገር ተነድቶ ኋላ የተሻገረ መሆኑን ታስረዳለች።

ከሁሉ የሚታመነው ልኩ ነው፤ ለመለካትም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፈረንሣይ ብስክሌት የመቀመጫው ቱቦና ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ውፍረት 28 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው አግድም ቱቦ 26 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች የሚሠራው የእንግሊዝ ብስክሌት ሁለቱ ትልልቅ ቱቦዎች 28.6፣ አግድሙ 25.4 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ሆኖም ቀጭን ወረቀት በቱቦው ዙሪያ ጠምጥሞ የተደራረበበትን ምልክት አድርጎ በማስመሪያ ቢለኩት፣ 28 ሚሊ ሜትር ያለው ቱቦ ዙሪያው ወደ 88፣ የእንግሊዙ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በአግድሙ ቱቦ ነገሩ ይገለበጣል፤ የፈረንሣዩ 82 ገደማ፣ የእንግሊዙ 80 ገደማ ነው። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለቱ ለምርመራው ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የቀለሙ ውፍረት ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገፋቸው። ቀለሙ ሦስት አራት ጊዜ የተደራረበ ከሆነ ከመለካት በፊት ጥቂት ቦታ መፋቅ ይሻላል።

ሁለተኛው መለኪያ የፔዳሉ ዘንግ የሚሽከረከርበት ቤት ነው። ይህ ቤት በፈረንሣይና በእንግሊዝ ብስክሌት 68 ሚሊ ሜትር፣ በጣሊያን 70 ሚሊ ሜትር ወርድ አለው። ስለዚህ ጣሊያኑን በማስመሪያ ብቻ መለየት ይቻላል። የቀሩትን ሁለቱን የሚለያቸው ኩሽኔታውን የሚይዘው የቀኙ ሳህን የሚፈታበት አቅጣጫ ነው። በእንግሊዙ ብስክሌት፣ በካቴናው በኩል ያለው ሳህን ጥርሱ ግልባጭ ስለሆነ የሚፈታው በሰዓት መዞሪያ አቅጣጫ ነው። የፈረንሣዩ ግን እንደ ማንኛውም ብሎን በተቃራኒው ይፈታል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የእንግሊዝ ነው ብሎ ሲያጠብቀው ይውላል፤ ብዙ ጥሩ ብስክሌትም በዚህ ምክንያት ተበላሽቷል። የፈረንሣዩ ጥርስ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው። የእንግሊዙ 1.37 ኢንች፣ ማለትም 34.8 ሚሊ ሜትር፣ ሲሆን በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ይይዛል። ስፋታቸው እጅግ ስለሚቀራረብ የአንዱ ሳህን በሌላው ቤት ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል።

ፔዳሉም እንዲሁ ነው። የፈረንሣዩ ብሎን 14 ሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዙ 9/16 ኢንች፣ ማለትም 14.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእንግሊዝ ፔዳል በፈረንሣይ ክንድ ላይ በጉልበት የገባ እንደሆነ ጥርሱን ቀርጦ የራሱን ስለሚሠራ ማስረጃው በዚያው ይጠፋል። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የኢንቹ ፔዳል በመሆኑ ፔዳሉ የተቀየረ ክንድ ብዙ አያስረዳም። በመሪው በኩል ወደ ሹካው የሚገባው ዘንግ በፈረንሣይ 22 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኢንቹ ዘንግ በፈረንሣዩ ሹካ ውስጥ አልገባም ብሎ ሲያስቸግር ከተገኘ ሹካው ፈረንሣዊ ለመሆኑ ምልክት ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ዘንጉን በሞረድ ቀንሶ ያስገባዋል፤ የተሞረደ ዘንግም በራሱ ታሪክ ይናገራል።

ጎማውና ቸርኬው ሲታዩ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ፈረንሣዮች ጎማን በ650 እና በ700 ቁጥር ከፊደል ጋር ይሰይማሉ። የጎብኚና የከተማ ብስክሌታቸው በብዛት 650 ቢ ሲሆን ጎማው በቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ዲያሜትር 584 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሩጫው 700 ሲ ደግሞ 622 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች ገበያ በብዛት ያለው 26 በ1 3/8 ጎማ 590 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ650 ቢ ጋር ያለው ልዩነት ከመንኮራኩሩ መሐል እስከ ጠርዙ ሲለካ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፍሬኑን ላስቲክ ጥቂት ከፍ በማድረግ አንዱን ጎማ ከነቸርኬው በሌላው መተካት ይቻላል፤ የ650 ቢ ጎማ በማይገኝበት አገርም ይህ የተለመደ መፍትሔ ነው። ስለዚህ የኢንች ቸርኬ መገኘቱ ፈረንሣዊነትን አያስቀርም። የፍሬኑ ላስቲክ በመያዣው ቀዳዳ ጫፍ ላይ ተገፍቶ ከተገኘ መንኮራኩሩ ኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። የንፋስ መሙያውም ያግዛል። በጫፉ ላይ የምትዞር ትንሽ መቆለፊያ ያላት ቀጭኗ የፈረንሣይ መሙያ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃታል፤ የእንግሊዝና የእስያ ብስክሌቶች መሙያ 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በኢትዮጵያ ከተሞች «አሮጌ» እየተባለ የሚታየው ብስክሌት አብዛኛው የፈረንሣይ ስላልሆነ ነው። በዘንግ የሚጎተት ፍሬን፣ የተሸፈነ ካቴናና 28 በ1 1/2 ጎማ ያለው ጥቁር ብስክሌት የእንግሊዝ ንድፍ ነው። የመጀመሪያው ከኖቲንግሃሙ ራሌይና ከመሰሎቹ፣ ቀጥሎም በዚያው ንድፍ ከቻይናዎቹ ፊኒክስና ፍላይንግ ፒጅን፣ ከሕንዱ ሂሮ የመጣ ነው። የሚያሳስተው የጎማው መለኪያ 635 ሚሊ ሜትር በፈረንሣይኛም 700 ቢ ተብሎ መጠራቱ ነው፤ በቸርኬ ላይ የተጻፈ «700» ብቻውን የፈረንሣይ ማረጋገጫ አይሆንም። በእንግሊዝ ሠራሹ ላይ ስተርሚ አርቸር የሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ የኋላ ሞዞ ካለ ግን ዘመኑን ለማወቅ ብዙ ድካም የለም። በሞዞው ቅርፊት ላይ ዓመቱና ብዙ ጊዜም ወሩ በቁጥር ተመትቷል፤ «58» እና «7» ቢል በሐምሌ 1958 የተሠራ ነው። ፈረንሣዮች እንዲህ ያለ ቸርነት አላደረጉም።

ዘመንን ለማወቅ ከሁሉ በፊት የብረቱን ልባስ ማየት ይጠቅማል። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሚያብረቀርቀው ክፍል በኒኬል ይለበጥ ነበር፤ ኒኬል ሲያረጅ ቢጫ ይመታል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ክሮም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው ካምቢዮ ነው። በዲዦን የሉሲየን ዡዊ ሲምፕሌክስ በ1928 ብቅ አለ፤ ተፎካካሪው ኡሬ ነበር። የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ካምቢዮ የፈቀደው በ1937 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ የሩጫ ብስክሌት ያለ ካምቢዮ ቢገኝ የጎደለው ነገር የለም፤ በኋላ የተጨመረበት ካለ በቴላዮው ላይ የመቆንጠጫ ጠባሳ ይታያል። ሲምፕሌክስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፕላስቲክ ጨመረበት። ይህ ፕላስቲክ እያደር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብስክሌቱ የ1960ዎቹ ሆኖ የመጀመሪያው ካምቢዮ አለመኖሩ አያስገርምም።

የፔዳሉ ክንድ በዘንጉ ላይ በሽብልቅ ከተያዘ ዘመኑን ብዙም አይወስንም። ርካሽ ብስክሌት እስከ 1970ዎቹ በዚሁ ዘዴ ይሠራ ነበር። በተቃራኒው ሽብልቅ የሌለው የአሉሚኒየም ክንድ በፈረንሣይ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለ፤ የሴንት ኤትየኑ ስትሮንግላይት በ1933 ያወጣው ሲሆን ለረጅም ዘመን ሳይለወጥ ቆይቷል። ስለዚህ ክንዱ የዋጋ ደረጃን እንጂ ዓመትን በደንብ አያሳይም። ፍሬኑ የተሻለ ይናገራል። ከክሌርሞን ፌራን ይመጣ የነበረው ማፋክ የሚባለው ፍሬን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገነነ ነው። በቱቦው ላይ «ሬይኖልድስ 531» የሚል ተለጣፊ ካለም ቱቦው ከ1935 ወዲህ የመጣ ነው፤ ያ ዓይነት ብረት ገበያ የወጣው በዚያ ዓመት ነውና። ሬይኖልድስ ራሱ እንግሊዛዊ ቢሆንም ለፈረንሣይ ፋብሪካዎች በሚሊ ሜትር የተለካ ቱቦ ያቀርብ ስለነበር ተለጣፊውን አይቶ «እንግሊዝ» ማለት ስሕተት ነው። ጥቁርና ነጭ የዳማ ሥዕል ያለበት ፔዦ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ነው፤ የፔዦ የሩጫ ቡድን የዳማውን ማሊያ የለበሰው በ1963 ነው።

በፔዳሉ ቤት ሥር ወይም በኋለኛው የመንኮራኩር መያዣ ላይ የሚመታው ተከታታይ ቁጥር ብዙ ሰው ተስፋ የሚያደርግበት ቢሆንም፣ ለአብዛኞቹ የፈረንሣይ ቤቶች የተሟላ መዝገብ ስለሌለ ቁጥሩ ብቻውን ዓመት አይሰጥም። የሚጠቅመው ለመለየትና ስርቆት ሲኖር ለማረጋገጥ ነው። ዓመትን የሚያስተማምነው የዕቃዎቹ ስምምነት ነው። ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ ሞዞውና ልባሱ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ከተገናኙ ብስክሌቱ የዚያ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ብቻ ሃያ ዓመት ወጣ ካለ፣ የወጣው ዕቃ የጥገና ነው። ሁሉም ከተለያዩ ከቴላዮው በቀር የሚታመን የለም፤ ያን ጊዜ «ከጦርነቱ በኋላ» ወይም «ከ1970 በፊት» ብሎ መተው ሐሰተኛ ዓመት ከመጻፍ ይሻላል።

በልክ የመለየት ዘዴ መጨረሻ አለው። በ1970ዎቹ የፈረንሣይ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ጥርስ መተው ጀመሩ። ሞቶቤካንና በኋላም ፔዦ በመካከሉ የስዊስ የሚባለውን ያዙ፤ ይህም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው የቀኙ ሳህን እንደ እንግሊዙ ግልባጭ ነው። ልኩ የፈረንሣይ፣ አቅጣጫው የእንግሊዝ የሆነ ብስክሌት ቢገኝ እንግዲህ የተበላሸ ሳይሆን የዚያ የሽግግር ጊዜ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ ሁሉም ወደ እንግሊዙ ልክ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራን የፈረንሣይ ብስክሌት በጥርሱ ከሌላው መለየት አይቻልም። በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚገጠሙት የጃፓኑ ሺማኖ ዕቃዎች ግን በሁለት የላቲን ፊደላት የተመታ ቀን አላቸው፤ የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» 1976ን ይዞ ዓመት በዓመት ይቀጥላል፣ ሁለተኛው ከ«ኤ» እስከ «ኤል» ወሩን ያሳያል።